ይቅር ያላልኩበት ድንጋይ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ለዕውቀት ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው። አባታችን ከሁለት ወንድ ልጆቹ አንዱን ለትምህርት፣ አንዱን ለሞፈር ሲለይ ታላቄ ለትምህርት ወጣ፣ እኔ ለሞፈር ቀረሁ። እሱ ሰቆጣ ገብቶ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ኖረና ጡረታ ወጣ። እኔ ባጃጅ እስከሚደርስበት ደርሶ ከዚያ ወዲያ በእግር በሚኬድበት ቀበሌ፣ ከእርከኔና ከማሽላዬ ጋር አለሁ።

ያናደደኝ ነገር የወሰን ድንጋይ ነው። አባታችን ሲሞት ማሳው ለሁለት ተከፈለ፤ የላዩ ለእኔ፣ የታቹ ለወንድሜ። መሀል ላይ ሽማግሌዎች አንድ ድንጋይ ተከሉ። ድንጋዩን ከሺህ ድንጋይ መሀል እለየዋለሁ። ነጭ መስመር እንደ መቀነት ዞሮታል፤ አንድ ጎኑን ደግሞ እኔው በማረሻ መትቼ ጥርሱ ወልቋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ለእርሻ ስወጣ፣ ድንጋዩ ሦስት እርምጃ ወደ እኔ ማሳ ገብቶ አገኘሁት። ወንድሜን ብጠይቀው፣

«ጎርፍ ይሆናል ያንከባለለው» አለኝ።

የእኔ ማሳ ከላይ ነው ብያለሁ። ሽቅብ የሚያንከባልል ጎርፍ ያየሁት በወንድሜ ማሳ ብቻ ነው።

ቀበሌ ተካሰስን። እሱ የይዞታ ደብተሩን ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ «በወረቀቱ መሠረት» እያለ ያነባል። እኔ ወረቀቱን በሬ ቄጤማ እንደሚያይ አየዋለሁ። ተረታሁ። በማግስቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሕፃን በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን ከአገጬ አጋጥሜ ተቀመጥኩ። አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ወጣት ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሦስት ዓመት ተምሬ የዚያን ደብተር ቅጂ ቀበሌ ሄጄ ገልጬ ሳነበው ስለ ድንጋይ የሚል አንድም ቃል የለበትም። ያለው «በላይ በኩል የሚያዋስነው ወንድሙ» የሚል ብቻ ነው። ወንድሜ ወንድሜ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ዓመት ተማርኩ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እሱ ደጃፌን አይረግጥም፣ እኔም የሱን አልረግጥም። በእኛ አገር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ የተጣላውን ሰው ደጅ ቢረግጥ ነውር ነው፤ ለከብት እንኳ የሚፈቀደው ለሰው አይፈቀድም። እናታችን የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው። እሱን የምታየው ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዘንድሮ ጉልበቷ እምቢ አለ። ከአልጋ እስከ በራፍ ነው አገሯ። ከአምና ጥምቀት ወዲህ ዓይኑን አላየችውም። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጠራችኝ።

«ጾሙ ሳይገባ ልየው» አለች።

«እኔ ማን ከለከልኩ? በሩ ክፍት ነው።»

«በሩ ክፍት ነው፣ አንተ ዝግ ነህ። ይቅር በለው።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። አንዲት ቃል ካላልኩ፣ እናቴ የበኩር ልጇን ሳታይ ትሞታለች። ቃሏን ደግሞ ማለት አልፈለግሁም።

ፊደል የቆጠረ ሰው ቃል ሲፈራ እንደ ዶሮ መጫር ይጀምራል። ሰቆጣ ገበያ ጆንያ ላይ አሮጌ መጻሕፍት የሚዘረጋ ሰው አለ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ነበር። አወጣሁትና ፈለግሁት። «ይቅር»ን ስታገላብጠው ከ«ቀረ» ነው የሚወለደው። ቀረ ማለትን ደግሞ የማያውቅ የለም። ትምህርት ቤት ያልመጣ ቀረ ይባላል፤ አስተማሪያችን እሑድ ማሽላ ስጠብቅ ብውል ስሜ ጎን «ቀሪ» ብላ ትጽፍብኛለች። ገበያ ሄዶ ያልተመለሰ ቀረ ነው። ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰም ቀረ ነው፤ በኛ ቀበሌ ይኼን ቃል ከየቤቱ ሳትሰማ አታልፍም። ዝናብ ቀረ። ምርት ቀረ። ያቺ ቃል በዋግ ምድር ደግ ወሬ ይዛ መጥታ አታውቅም። ታዲያ ከዚች እናት ነው «ይቅር» የተወለደው፤ በኋላ «ታ» የምትባል ጭራ ቀጠሉለትና «ይቅርታ» ሆኖ መሥሪያ ቤት ገባ። እግርህን የረገጠህም «ይቅርታ»፣ ማሳህን የረገጠህም «ይቅርታ»።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ይቅር ማለት «ይቅር፣ አይምጣ፣ እዚያው ይሁን» ነው። እሺ፣ ይቅር። የት ይቅር? በዳዩ ይዞት አይሄድም፤ እሱማ ቀሎት ነው የሚሄደው። ሽማግሌዎቹም አይወስዱት፤ ጠላቸውን ጠጥተው ይነሳሉ። የሚቀረው እኔ ቤት ነው። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከማሰሮው ጋር የሚቀረው ቂሙ ነው።

«ተው»ን እወዳታለሁ፤ እሷ ግልጽ ናት። በሬውን ተው ትለዋለህ፣ ውሻውን ተው ትለዋለህ፣ የሰከረውን ተው ትለዋለህ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደታዘዘ ይታወቃል። «ይቅር» ግን ባለቤት የላትም። ማንም ምንም ሳያደርግ ነገሩ በራሱ እንዲቀር ይጠበቃል። ለዚህ ነው መሰል ሁሉም የሚወዳት።

ለመሪጌታው ይኼንኑ ነገርኳቸው። የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምረው ይሰድቡኛል።

«በግእዙ ኅድገት ይባላል» አሉኝ። «ኀደገ ማለት ተወ፣ ለቀቀ ነው። ወደ ኒሯቅ ስትወርድ ትግርኛ የሚናገሩት ፍየል ነጋዴዎች ‹ሕደጎ› ይሉህ የለም? ያው ነው፣ ተወው ማለት። ሚስቱን የፈታም ኀደገ ይባላል።»

«እንግዲያ ወንድሜን ልፍታው ነው የሚሉኝ?»

«ብታገባው ኖሮ ይቀልህ ነበር። ሚስት ትፈታለች። ወንድም ግን ምን ብለህ ትፈታለህ? አርባ ስድስት ዓመት በሬ ስትከተል ኖረህ አሁን ቃል ትከተላለህ። ሂድ ይቅር በለውና እናትህን አሳርፋት።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይሉት ነበር?»

«እኔማ ወሰኔን አላስነካም» አሉና ሳቁ።

እናቴ ደግሞ የራሷ ቃል አላት። ከእኔ ጋር ስትቆጣ በአማርኛ ነው፤ ስትለምን ግን በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣንጋ ነው የምትናገረው። ቃሉን በፊደል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ያለውን ድምፅ የሚሸከም ፊደል አላገኘሁም። ስትለው መዳፏን ትከፍታለች። ስለዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የኔ መዳፍ ያን ሰሞን አልተከፈተም።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሥልጠናው የመጣው። ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ አንድ ባለሙያ፣ ጫማው ገና አዲስ፣ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጨርቅ ሰቀለ። «ይቅርታና እርቅ ለዘላቂ ሰላም» ይላል። አነበብኩት፤ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የማይነበብ ነገር ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ባለሙያው ዓይናችንን ጨፍነን እንድንቀመጥ አዘዘን።

«አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። አሁን ቀስ ብላችሁ ስታስወጡ ቂማችሁን አብራችሁ ልቀቁት።»

አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጠየቁ፤

«ልጄ፣ በየት በኩል ነው የምንለቀው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞተ። ባለሙያው ግን አልሳቀም፤ ቅጽ አወጣ። እያንዳንዱ የሽማግሌ ቡድን ጾሙ ሳይገባ አንድ አንድ ጠብ አስታርቆ ቅጹን ሞልቶ እንዲመልስ ዕቅድ ወረደ። በዳይ፣ ተበዳይ፣ የጠቡ ምክንያት፣ የታረቁበት ቀን። በቀበሌያችን ለማየት የሚቀል ጠብ የኔና የወንድሜ ነበረ፤ እንደ ደረቅ ዛፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆሟል። ሦስት ሽማግሌዎች በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። ያን ለት «በየት በኩል ነው የምንለቀው» ያሉት ሽማግሌ መሪያቸው ናቸው።

«እሱ በደልኩ ብሏል» አሉኝ። «ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ቅዳሜ።»

«በደልኩ አለ? ጎርፉስ?»

«ስለ ጎርፉ አልጠየቅነውም። አንተ ዝም በልና ቁም። ድንጋዩን ከአንገቱ ታወርድለታለህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ትላለህ፣ በቃ።»

«ባላወርድለትስ?»

«ቆሞ ይውላል። ወገቡ ታማሚ ነው። እናትህም በራፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች።»

ተንኮላቸው ገባኝ። በእኛ ዘንድ ጥፋተኛ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አጎንብሶ ይመጣል። ተበዳዩ ድንጋዩን በገዛ እጁ ካላወረደለት፣ ማንም ሌላ ሰው አይነካለትም። ካወረደለት ግን አለቀ፤ እጅ ያወረደውን አፍ አይመልሰውም።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ ሌሊቱን አላሰብኩበትም፤ ውሳኔዬ የቆየ ነው። አላወርድም። ቆሞ ይዋል። በሬ የሚጠመደው ከሰው ያነሰ ሆኖ ነው? እኔ አርባ ዓመት ቀንበር ተሸክሜያለሁ፤ እሱ አንድ ቀን ድንጋይ ቢሸከም ምን ይሆናል። እናቴን ደግፌ አውጥቼ በራፍ ላይ ለስለስ ያለ ቁርበት አነጠፍኩላት። ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። ሙሽራ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

ወንድሜ በባጃጅ መጣ። ለይቅርታ በባጃጅ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነው መሰለኝ። ባጃጁ ከማሳችን ግርጌ አቆመውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሽቅብ በእግር ጀመረ። ከሩቅ አያለሁ። መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። ኋላ ስሰማ፣ ድንጋይ ይዞ መምጣቱን ረስቶታል አሉ። ጃንጥላ አልረሳም፣ መነጽሩን አልረሳም፣ ድንጋዩን ረሳ። «አንድ ይፈለግ» አሉ። እሱ ራሱ ከማሳው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አየና፣ ለጫንቃ የተመቸ ነው ብሎ፣ ነቅሎ አንገቱ ላይ አስቀመጠው። ነጠላውን አደግድጎ አጎንብሶ መጣ።

ደጃፌ ደረሰ። ቆመ። ወገቡ እንደ ማጭድ ታጥፏል። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሽማግሌዎቹ ጀመሩ፤

«ስለ እግዚአብሔር።»

ዝም አልኩ።

«ስለ ድንግል ማርያም።»

እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

«ስለ እናትህ።»

እናቴ ከበራፍ ሆና መዳፏን ከፈተች። እኔ ወደ እሷ ላለማየት ብዬ ወደ ወንድሜ አንገት አየሁ። ነጭ መስመር። እንደ መቀነት የዞረ። አንድ ጎኑ ጥርሱ የወለቀ።

አሥራ አንድ ዓመት የተካሰስንበትን፣ ፊደል ያስቆጠረኝን ድንጋይ፣ ከተከለበት ቦታ ነቅሎ አንገቱ ላይ አስቀምጦ ይቅርታ ሊጠይቅበት መጥቷል። እሱን ድንጋይ። አላወቀውም። ማሳውን እኩል አራሽ ያርስለታል፤ ከፍርዱ በኋላ ምናልባት ሁለቴም አልረገጠው። እኔ በየዓመቱ እያየሁ ስቃጠልበት የኖርኩትን፣ እሱ ሲያየው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ዘልዬ ያዝኩት። ከአንገቱ ላይ በሁለት እጄ ነጠቅኩት፤ «ይኼ እኮ…» ልል ነው፣ «ይኼ እኮ ወሰኔ ነው» ልል ነው። ከአፌ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ፣

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ።

መሪያቸው ወዲያው ተንበርክከው ማሳረግ ጀመሩ። ወንድሜ እግሬ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ሽማግሌ ከካፖርታቸው ኪስ ቅጹን አወጡ። እኔ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፌ ቆሜያለሁ።

«ይቅር አላልኩም!» አልኩ።

«እጅህ ብሏል» አሉ መሪያቸው፣ ምርቃቱን ሳያቋርጡ። «ድንጋይ ከአንገቱ ወርዷል፤ ቃል ጌጥ ነው።»

«ድንጋዩን ስላወቅኩት ነው እኮ የያዝኩት! እዩት፣ ይኼ የወሰኑ…»

«ልጄ ነው?» አለች እናቴ ከበራፍ።

ዓይኗ ደክሟል። ማን መሆኑን ለማረጋገጥ ነው የጠየቀችው። ወንድሜ ከእግሬ ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ፤ ጉልበቷን ስሞ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለ። መላጣውን እየዳሰሰች በኽምጣንጋ የምትለውን ሁሉ አለችው። ስድስት ደቂቃ ይሁን አሥር አላውቅም። ያን ጊዜ ጮኼ «አልታረቅሁም» ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር። አፌም ቋንቋም ነበረኝ። ድንጋዩን ግን ይዤ ነው የቆምኩት፤ ድንጋይ ታቅፈህ ደግሞ ስለ ፍትሕ መናገር አይመችም። መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ዝም አልኩ።

ምሳ በላን። የቅበላ ፍየል አርጄ ነበር፤ ለሱ አይደለም፣ ለጾሙ መያዣ ነው። ባንድ ገበታ ቀረብን። እናቴ ጎርሳ ማጉረስ ጀመረች፤ አንዴ ለሱ፣ አንዴ ለኔ፣ ጥርስ ያላወጣን ልጆች ይመስል። ለወንድሜ ሦስተኛ ጉርሻ ስትሰጠው፣

«ድንጋዩን አውቀኸዋል?» አልኩት።

አፉ ሙሉ ነው። ወደ ግቢው ዞሮ አየ። አላመጠ፣ አላመጠ።

«የቱን ድንጋይ?» አለኝ።

መሪ ሽማግሌው ግን ጠላቸውን አስቀምጠው ወጡና ድንጋዩን አገላብጠው አዩት። ያኔ ከተከሉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ጢማቸውን ጠረጉ።

«አውቄዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼን በቅጹ ላይ አንጽፈውም።»

እንግዲህ አሁን ድንጋዩ የኔ ግቢ ውስጥ ነው፣ ወሰኑ ደግሞ ባዶ ነው። ጾሙ ከገባ በሦስተኛው ቀን ልመልሰው ተነሳሁ። መመለስ ስል፣ ወንድሜ በነቀለበት ጉድጓድ አይደለም። ሦስት እርምጃ ወደ ታች፣ አባታችን የሞተ ጊዜ በተተከለበት ቦታ። የሚያየኝ ሰው የለም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመኝም። በእጅ ለመያዝ ይከብዳል። ጫንቃዬ ላይ አስቀመጥኩትና ቁልቁል ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ጎረቤቴ ከፊቴ ቆመች። ጀሪካኗን አወረደች። ራሴን ዝቅ ያደረግሁት ከክብደቱ ነው፤ እሷ ግን ከኃጢአቴ መሰላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንን በድለህ ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ድንጋዩ?»

ምን እላለሁ? ወሰን ልገፋ ነው ልላት ነው? ወንድሜ የገፋውን ልመልስ ነው ብላትስ ማን ይለየዋል? እኔም ሳስበው ድንጋይ ተሸክሞ ሰው ሳያየው ወሰን ሊተክል የሚሄድ ሰው ምን ይባላል ብዬ ቆምኩ። ወንድሜ ያን ቀን ሲያንቀሳቅሰው እንዲህ ነበር የተሸከመው ማለት ነው። ምናልባት እሱም «ልመልሰው ነው» ብሎ አስቦ ይሆናል። ይኼን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

«ለእናቴ መቀመጫ እየፈለግሁላት ነው» አልኳት።

«ወደ ታች?»

«ወደ ላይ ልመለስ ነው።»

ተመለስኩ። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ሰቆጣ ገብቷል፤ «ታናሽየውም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ ታይቷል»። ወንድሜ በማግስቱ በባጃጅ መጣ። ልቡ ተነክቷል። «አንተ ምን አደረግህና ነው፣ ልፋ ያለው» እያለ ጀርባዬን ይመታኛል። አላረምኩትም። በሕይወቴ አንዴ እሱ የማያውቀውን ነገር አውቄ ዝም ብል ምን አለበት።

እናቴ አሁን ፀሐይ ስትወጣ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ እሷ አልጋ ላይ ስትሆን እሱ ይቀመጥበታል። ቂጡ ሥር ምን እንዳለ እስካሁን አልገባውም። ማሳ ላይ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ የሱ እኩል አራሽ በሬ ጠምዶ ወጣና፣

«የት ድረስ ልረስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሱን ጠይቅ» አልኩት።

እሱን ጠየቀው። «ወንድሜን ጠይቅ» ብሎ መለሰው። አራሹ ሞኝ አይደለም፤ ሦስቱን እርምጃ ትቶ ከታች ያለውን አረሰ። እኔም ከላይ ሳርስ መጥቼ ሦስቱ እርምጃ ጋ ስደርስ አቆምኩ። መሀል ላይ አንድ ቀበቶ የሚያህል ሣር በቅሏል። ማንም አላረሰውም፣ ማንም የኔ ነው አላለም፤ የቀበሌው ፍየል ሁሉ ግን ገብቶ ይግጥበታል። በዚህ ድርቅ በሚመላለስበት አገር እንዲህ ያለ ሣር የለም። ሰው እያየ ይመርቀናል።

ቃሏን እስካሁን አላልኩም። ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ላሻሽል ስል። እናቴ አልፎ አልፎ ፀሐይ እየሞቀች ትጠይቀኛለች፤

«ብለኸዋል?»

«እጄ ብሏል» እላታለሁ።

ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች።